የሆድ ሕመም በትክክለኛ ስሙ ይጻፍ

ለጋዜጣው ክቡር አዘጋጅ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለው አስተያየቴ ለአንባብያን በተፈቀደው ዓምድ ላይ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው ስለ ሕክምና ነው፤ እኔ ግን ሐኪም አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ዳሩ ግን የማነሣው ነገር የመድኃኒት ሳይሆን የስም አጠራርና የጽሕፈት ጉዳይ ነው። ስለ ስምና ስለ ጽሕፈት ደግሞ መምህሩም የመንግሥት ሠራተኛውም የየበኩሉን ሊናገር ስለሚችል፣ ከወሰኔ ያለፍሁ አይመስለኝም።

ለሕመም ፈቃድ የሚመጡትን ወረቀቶች በቢሮው የሚቀበል ማንኛውም ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። እጅግ በብዙዎቹ ላይ ተጽፎ የሚገኘው ያው አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «ጋስትራይተስ»፣ በአማርኛው «ጨጓራ» የሚለው ነው። ወጣቱም ጨጓራ፣ ሽማግሌውም ጨጓራ፤ ትናንት ማታ ቅባት የበዛበት ምግብ በልቶ ያደረው ሰውም ጨጓራ፣ ስድስት ወር ሙሉ እየከሳ የሄደውም ሰው ጨጓራ ነው። በንግግራችንማ «ጨጓራ አለብኝ» የማይል የለም። እንግዲህ ጨጓራ የሌለበት ሰው በምድር ላይ ይገኛልን? ጨጓራ የአካል ክፍል ስም ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። አንድ ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ «ጉልበት አለብኝ» ወይም «ዓይን አለብኝ» ቢል እንስቅበት ነበር፤ «ጨጓራ አለብኝ» ሲል ግን ሁላችንም እናዝንለታለን፤ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ ያንኑ ቃል ተቀብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል።

ሐኪሞች እንደሚያስተምሩን ጋስትራይተስ ማለት የጨጓራ ውስጠኛ ሽፋን መቆጣት ነው። ይህ መቆጣት በእርግጥ መኖሩ የሚረጋገጠው፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ማለትም በኤንዶስኮፒ፣ ጨጓራው ከታየና ከሽፋኑም ቅንጣት ተወስዳ በማይክሮስኮፕ ከተመረመረች በኋላ ነው። ሕመምተኛው ከእንብርቱ በላይ እጁን አኑሮ «እዚህ ላይ ያቃጥለኛል» ሲል ግን፣ ያ ቦታ የጨጓራ ብቻ ርስት አይደለም። የጨጓራ ቁስልና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቁስል እዚያው ያማሉ፤ የሐሞት ጠጠር እዚያው ሊያም ይችላል፤ የቆሽት መቆጣትም እንዲሁ። የጨጓራ ካንሰር ሲጀምር ከተራ ማቃጠል ላይለይ ይችላል። ልብ ደም ሲያጣ የሚመጣው ድንገተኛ ሕመም እንኳ አንዳንድ ጊዜ በዚያው ቦታ እየተሰማ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» የሚያሰኝበት ጊዜ አለ። ደግሞም ምንም ቢመረመር የሚታይ ቁስልም እብጠትም የማይገኝበት፣ ነገር ግን በእውነት የሚያም የምግብ አለመስማማት አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ «ልዩ ልዩ» በሚል አንድ ማኅደር ውስጥ እንደ መክተት ያለ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኞች የሆኑ አንባብያን እንዲህ ያለው ፋይል በተፈለገ ጊዜ የት እንደሚገኝ ያውቃሉ፤ የትም አይገኝም።

ይህ የስም ነገር በእኛ ዘመንና በእኛ አገር የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1662 ጆን ግራንት የተባለ የሎንዶን ነጋዴ የከተማውን የሟቾች ዝርዝር ሰብስቦ በመመርመር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን በየሳምንቱ ይወጡ በነበሩት ዝርዝሮች ላይ ከሞት ምክንያቶች መካከል የአንጀት ቁርጠት፣ የሆድ መታፈን፣ ከልክ ያለፈ ጥጋብ፣ ትላትል፣ አልፎ ተርፎም ጥርስ የሚሉ ይገኙ ነበር። ዛሬ ስናነበው ያስቀናል፤ ማለቴ ያስቃል። ሆኖም ጸሐፊዎቹ ቢያንስ የተነገራቸውን ያህል ጻፉ፤ የአንጀት ቁርጠት መሆኑን ቢያውቁ የአንጀት ቁርጠት አሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ዊልያም ፋር የተባለው እንግሊዛዊ የሕክምና ስታቲስቲክ ሊቅ፣ አንድ በሽታ በሦስትና በአራት ስም ሲጠራ፣ አንድ ስምም ለብዙ በሽታ ሲሰጥ፣ የሚሰበሰበው ቁጥር የማይታመን እንደሚሆን አጥብቆ አስገነዘበ።

ከዚህም የተነሣ ዣክ ቤርቲዮን የተባለው የፓሪስ ከተማ የስታቲስቲክ ሹም እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ ለተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክ ጉባኤ የሞት ምክንያቶችን በሥርዓት የሚመድብ ዝርዝር አቀረበ። ዝርዝሩ በየጊዜው እየታረመ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ስድስተኛው እትም በወጣ ጊዜ የዓለም የጤና ድርጅት ኀላፊነቱን ተረከበ፤ ከዚያ ወዲህም ዝርዝሩ የሚገድለውን በሽታ ብቻ ሳይሆን የማይገድለውንም የሚመዘግብ ሆነ። አሥረኛው እትም እ.ኤ.አ. በ1990፣ አሥራ አንደኛው ደግሞ በ2019 በዓለም የጤና ጉባኤ ጸደቁ፤ አሥራ አንደኛው ከጥር 2022 ጀምሮ እንዲሠራበት ተወሰነ። አገራችንም ከዚህ ውጭ አይደለችም። ጤና ሚኒስቴር ከዓለም አቀፉ ዝርዝር አሳጥሮ ለአገር ውስጥ የሚሆን የበሽታዎች አመዳደብ አዘጋጅቷል፤ ከጤና ጣቢያውና ከሆስፒታሉ የሚሰበሰበውም ቁጥር በኮምፒዩተር እየተላለፈ እስከ ሚኒስቴሩ ይደርሳል።

እንግዲህ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን፣ ብዙ አገሮች የለመዱት አሥረኛው እትም የሆድን ነገር እንዴት እንደሚመድብ በአጭሩ ላስረዳ። እያንዳንዱ በሽታ አንድ የላቲን ፊደልና ቁጥር ይሰጠዋል። የምግብ መፍጫ አካላት በሽታዎች «ኬ» በሚለው ፊደል ሥር ናቸው፤ ለምሳሌ የጨጓራ ቁስል ኬ 25፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቁስል ኬ 26፣ ጋስትራይተስ ኬ 29፣ ድንገተኛ የትርፍ አንጀት መቆጣት ኬ 35 ነው። በተሕዋስያንና በትላትል የሚመጡት ደግሞ በሌላ ምዕራፍ፣ «ኤ» እና «ቢ» በሚሉት ፊደሎች ሥር ተመድበዋል፤ ኮሌራ ኤ 00፣ የአንጀት ተስቦ ማለት ታይፎይድ ኤ 01፣ አሜባ ኤ 06፣ ወስፋት ቢ 77 ነው። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ግን «አር» የሚለው ምዕራፍ አለ። በዚህ ምዕራፍ የሚገኙት በሽታዎች ሳይሆኑ ምልክቶች ናቸው። የሆድ ሕመም አር 10 ነው፤ ከእንብርት በላይ ሲሆን የራሱ ቁጥር አለው፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ አር 11፣ ቃር አር 12፣ ለመዋጥ መቸገር አር 13፣ የሆድ መነፋት አር 14፣ የዓይን ቢጫ መሆን አር 17 ነው።

ይህ «አር» የሚባለው ምዕራፍ ለምን ተጻፈ? ሐኪም ሁልጊዜ ምክንያቱን ስለማያገኝ ነው። ደንቡም ግልጽ ነው፤ ምርመራው እስኪያበቃ ድረስ በሽታው ተለይቶ ካልታወቀ ዋናው ምልክት ይመዝገብ ይላል። እንዲህ ማድረግ የሐኪምን ክብር የሚቀንስ አይደለም፤ ደንቡ ራሱ ያዘዘው ነው። «ከእንብርት በላይ ሕመም፣ ምክንያቱ ገና ያልታወቀ» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም እውነቱን ጽፏል፤ በሩንም ለሚቀጥለው መርማሪ ክፍት ትቷል። ሳይመረምር «ጋስትራይተስ» ብሎ የሚጽፍ ግን በሩን ዘግቶ ቁልፉን ይዞት ሄዷል።

አንድ ነገር ግን መለየት ይገባል። ሰው ከሞተ በኋላ በሞት ምክንያት ማስረጃ ላይ «የሆድ ሕመም» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ምልክት ሰውን ወደ መቃብር ያደረሰውን ምክንያት አያስረዳምና። የምልክት ምዕራፍ የሰነፍ መደበቂያ እንዲሆንም አልተሠራም። ለሕያው ሕመምተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ምክንያቱ ገና ባልታወቀበት ጊዜ ግን ከሁሉ ይልቅ ታማኝ የሆነው ጽሑፍ ይኸው ነው።

ሐኪሞቻችንን ለመውቀስ ቸኩዬ አይደለም። በአንድ ጧት ስድሳና ሰባ ሰው በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ብዙ እንዲጽፍ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ሕመምተኛውም ስም ይፈልጋል፤ «ገና አላወቅሁትም» ያለውን ሐኪም ትቶ «ጨጓራ ነው» ወደሚለው ይሄዳል። የኤንዶስኮፒ መሣሪያ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ነገር ግን ከነዚህ ምክንያቶች ሌላ፣ የእኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እጅ ያለበት አንድ ምክንያት አለ። የሕመም ፈቃድ ወረቀት ሲመጣልን «የበሽታው ስም የት አለ?» ብለን የምንመልሰው እኛ ነን። «የሆድ ሕመም» የሚል ወረቀት ያመጣውን ሠራተኛ «ሆዴን አመመኝ ብሎ መቅረት ምንድር ነው? ይህ የተማሪ ሰበብ ነው» የምንለው እኛ ነን። «ጋስትራይተስ» የሚል ሲያመጣ ግን ቃሉ ፈረንጅኛ ስለ ሆነ ብቻ አምነን እንፈርማለን። ሐኪሙም ይህን ያውቃል፤ ሕመምተኛው እንዳይጉላላበት ሲል ቢሮው የሚወደውን ቃል ይጽፍለታል። በዚህ ዓይነት የአለቃ ቢሮ ለሐኪም ቤት በሽታ እየሰየመ ነው። ከዚያ በኋላ ቃሉ ከወረቀቱ ወደ ካርዱ፣ ከካርዱ ወደ መዝገቡ፣ ከመዝገቡ ወደ ወሩ ሪፖርት ይገባል።

«ታዲያ አንድ ቃል ምን ይጎዳል?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የአንድ የሥራ ባልደረባዬን ነገር ልንገረው። ይህ ሰው ለስድስት ዓመት ያህል ከእንብርቱ በላይ ያመው ነበር። በነዚህ ዓመታት በልዩ ልዩ ቦታ አምስት ካርድ አውጥቷል፤ በአምስቱም ካርድ ላይ ተጽፎ የነበረው አንድ ቃልና የአንድ መድኃኒት ስም ብቻ ነው። ሕመሙ ከምግብ በፊት ይሁን ከምግብ በኋላ፣ ሌሊት ይቀስቅሰው ወይም አይቀስቅሰው፣ ክብደቱ ስንት እንደ ነበር አልተጻፈም። ከሁሉ ይልቅ ያልተጻፈው፣ ለወገቡ ሕመም በየቀኑ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይወስድ የነበረ መሆኑ ነው። እሱም የወገብ መድኃኒት ከሆድ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም። እንዲህ ያለው ማስታገሻ የጨጓራን ሽፋን እንደሚያቆስል የሕክምና ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በመጨረሻ አንድ ቀን ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ራሱን ስቶ በክፍል ውስጥ ወደቀ። በሆስፒታል በኤንዶስኮፒ ሲታይ ደም የሚያፈስ ቁስል ተገኘበት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ታክሞ ድኗል። እዚያ ያየው ሐኪም የቀድሞ ካርዶቹን ባለቤቱ ብታመጣለት፣ አምስቱን አገላብጦ ከቃሉ በቀር ምንም የሚረዳው ነገር አላገኘባቸውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲታከም የኖረ ሰው፣ እንደ መጀመሪያ ቀን እንግዳ ሆኖ እንደገና ከሀ ተጠየቀ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በስሕተት የተጻፈም እንደዚሁ ይወረሳል። አንድ ጊዜ «ጨጓራ» ተብሎ የተጻፈበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ «የታወቀ የጨጓራ ሕመምተኛ» ይባላል፤ በሦስተኛው ጊዜ የሚጠይቀው የለም።

የትርፍ አንጀትን ነገር ደግሞ እንመልከት። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ሲጀምር በእንብርት ዙሪያ ነው፤ ከሰዓቶች በኋላ ወደ ቀኝ ወደ ታችኛው የሆድ ክፍል ይዛወራል። ጧት ያየው የጤና ባለሙያ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በእንብርት ዙሪያ ሕመም፣ አንድ ጊዜ አስመልሶታል» ብሎ ቢጽፍ፣ ከሰዓት በኋላ የሚያየው ሁለተኛው ሐኪም ሕመሙ መዛወሩን ወዲያው ያስተውላል፤ ሕመምተኛውም ትርፍ አንጀቱ ሳይፈነዳ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል። የመጀመሪያው ጽሑፍ «ጋስትራይተስ» ብቻ ከሆነ ግን መዛወሩ አይታይም። ስለዚህ የተዛወረው ሕመም መጀመሪያ የት እንደ ነበረ መጻፉ፣ ከማንኛውም ትልቅ ስም የበለጠ ሕይወት ያድናል።

ከግለሰቡ አልፈን ወደ አገር እንሂድ። የበሽታዎች ቁጥር የሚሰበሰበው ለመዝገብ ማሳመሪያ አይደለም። የትኛው መድኃኒት ምን ያህል ይገዛ፣ መሣሪያው ለየትኛው ሆስፒታል ይሰጥ፣ ባለሙያው በምን ይሠልጥን የሚለው ሁሉ የሚወሰነው በዚሁ ቁጥር ነው። የጤና መድኅን እየተስፋፋ በሚሄድበት አገርማ ክፍያውም ከምርመራው ስም ጋር መያያዙ አይቀርም። ሁሉ ነገር ጋስትራይተስ ከተባለ፣ አገሪቱ የአሲድ መቀነሻ እንክብል በብዛት ትገዛለች፤ የጨጓራ ካንሰሩና የሐሞት ጠጠሩ፣ በቁጥሩ ውስጥ ስላልታዩ፣ የሌሉ ይመስላሉ። ያልተቈጠረ በሽታ በጀት አይመደብለትም።

ታይፎይድም የዚህ ወንድም ነው። ትኩሳትና የሆድ ሕመም ያለበት ሰው ደሙ ዊዳል በሚባለው ምርመራ ይታይና «ታይፎይድ» ተብሎ ይጻፍለታል። ይህ ምርመራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ የሚያሳየውም ተሕዋሲውን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ያዘጋጀውን መከላከያ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ ታሞ የዳነውንም ሰው፣ በሌላ ተሕዋሲ የተያዘውንም ሰው ታይፎይድ ያለበት ሊያስመስል ይችላል። እርግጡ የሚታወቀው ተሕዋሲው ከደም ውስጥ ሲበቅል ነው። እንግዲህ አንድ ጊዜ በተደረገ ዊዳል ብቻ ኤ 01 ብሎ መመዝገብ፣ ጥርጣሬን በእርግጠኝነት ልብስ ማልበስ ነው።

ስም ከበሽታ ጋር በአገር ደረጃ ምን ያህል እንደሚያያዝ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባም በሌሎች ቦታዎችም ሰውን ያጠቃው በሽታ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ባጭሩ «አተት» ይባል ነበር። ይህ ስም የምልክት ስም ነው። በ2011 ዓ.ም. በተነሣው ወረርሽኝ ጊዜ ግን ኮሌራ ተብሎ በስሙ ተጠራ። የምልክት ስም ለመጀመሪያው ቀን መልካም ነው፤ ውኃ አፍልቶ ለመጠጣትና እጅን ለመታጠብም ይበቃል። ላቦራቶሪው ተሕዋሲውን ለይቶ ካወቀ በኋላ ግን በስሙ መጥራት ይገባል፤ ክትባቱም የውጭው እርዳታም የሚመጣው በስሙ ነውና። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ ያላወቁትን እንዳወቁ አድርጎ አለመጻፍ፣ ያወቁትንም እንዳላወቁ አድርጎ አለመተው።

ያዩትን በትክክል መጻፍ ዓለምን የሚለውጥበትም ጊዜ አለ። በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1979 ከጨጓራ ሽፋን የተወሰደውን ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ጠማማ ተሕዋስያን አየ። በዚያ ዘመን በአሲድ መካከል ተሕዋሲ አይኖርም ይባል ነበር፤ የጨጓራ ቁስልም የጭንቀትና የአሲድ ውጤት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሰውዬው ግን የሚባለውን ሳይሆን ያየውን ጻፈ። ኋላም ከባሪ ማርሻል ጋር ሆነው በ1982 ተሕዋሲውን አበቀሉት፤ ማርሻልም በ1984 ራሱ ጠጥቶት ታመመ። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሁለቱም በ2005 የኖቤልን ሽልማት አገኙ። ዋረን የለመደውን ስም ጽፎ ቢያልፍ ኖሮ፣ በአንቲባዮቲክ የሚድነው ቁስል እስከ ስንት ጊዜ በወተትና በምክር ሲታከም ይኖር ነበር?

ታዲያ ምን ይደረግ? መልካም ጽሑፍ ረጅም ጽሑፍ አይደለም። ሎረንስ ዊድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጽሑፍ የሕመምተኛ መዝገብ በሕመምተኛው ችግሮች ተራ እንዲጻፍ አስተማረ። ከዚያ የመጣው ልማድ በአራት መስመር ይጠቃለላል፤ ሕመምተኛው ምን አለ፣ ሐኪሙ ምን አገኘ፣ ምን ይመስለዋል፣ ምን ሊያደርግ አሰበ። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የነበረችው አሮጊት ነርስ ይህን ልማድ ታውቅ ነበር። በትልቁ መዝገቧ ላይ በአንድ መስመር «ሆድ፤ በስተግራ፤ ሦስት ቀን፤ ከበላ በኋላ ይብሳል፤ ትኩሳት የለም» ብላ ትጽፍ ነበር። የማታውቀውን ስም አትጽፍም ነበር፤ ወደ ሆስፒታል ስትልከንም ያችኑ መስመር በቁራጭ ወረቀት ገልብጣ ትሰጠናለች።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሆድ ሕመም የሚጻፍ ካርድ ሁሉ ቢያንስ አምስት ነገር ይኑረው፤ ሕመሙ የት እንደ ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ ከምግብ ጋር ያለው ግንኙነት፣ ሕመምተኛው የሚወስደው ማንኛውም መድኃኒት፣ እንዲሁም የአደጋ ምልክቶች መኖራቸው ወይም አለመኖራቸው። የአደጋ ምልክቶች የሚባሉት ያለ ምክንያት መክሳት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ደም ማስመለስ፣ የሰገራ መጥቆር፣ የማያቋርጥ ትውከትና የደም ማነስ ናቸው። «የሉም» ብሎ መጻፍም ጽሑፍ ነው፤ ተጠይቋል ማለት ነውና።

ሁለተኛ፤ በሽታዎችን ወደ ቁጥር የሚለውጡት የመዝገብ ሠራተኞች ተገቢውን ሥልጠናና ክብር ያግኙ። የጽሑፉ ነገር ግልጽ ሳይሆን ሲቀር ወደ ሐኪሙ ተመልሰው «ይህ ጋስትራይተስ ታይቶ ነው ወይስ ተገምቶ?» ብለው የመጠየቅ መብት ይኑራቸው። ሐኪሙም ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት አይቁጠረው። ኮምፒዩተር ይህን ያቃናዋል የሚሉ አሉ፤ ኮምፒዩተር ግን የሰጡትን ይቀበላል፤ ከዝርዝሩ ላይ በፊት የሚመጣውን ስም መጫን ከመጻፍ ይልቅ ስለሚቀል፣ ስሕተቱን የበለጠ ያፋጥነዋል እንጂ አያርመውም።

ሦስተኛ፤ መሥሪያ ቤቶቻችን በሕመም ፈቃድ ወረቀት ላይ የበሽታን ስም መጠየቅ ይተዉ። አለቃ ማወቅ የሚገባው ሠራተኛው ስንት ቀን ማረፍ እንዳለበት፣ ወረቀቱንም የሰጠው የታወቀ ሐኪም ቤት መሆኑን ነው። የሠራተኛው አንጀት ነገር የሠራተኛውና የሐኪሙ ምስጢር ነው። ሰበበኛ ሠራተኛ ያለ እንደ ሆነ በሥራው ይመዘን፤ የበሽታ ስም ሰበበኛን ከልክሎ አያውቅም፤ እውነተኛውን ሕመምተኛ ብቻ ያሳፍራል።

አራተኛ፤ እኛ ሕመምተኞች ደግሞ ሐኪም ፊት ስንቀርብ ስሙን ትተን ስሜቱን እንናገር። አማርኛችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ማቃጠል ሌላ፣ ቁርጠት ሌላ ነው፤ ውጋት ሌላ፣ መነፋት ሌላ ነው፤ ቃር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ማግሣት፣ ድርቀት፣ ተቅማጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቃል አላቸው፤ ከላይ እንዳሳየሁትም አብዛኞቹ በዓለም አቀፉ ዝርዝር ላይ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ይህን ሁሉ ሀብት አስቀምጠን «ጨጓራ» በሚል አንድ ቃል መለመን ለምን አስፈለገን? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በተሳሳተ ስም የጠራውም ከደበቀው ብዙ አይሻልም። የቀድሞ ካርዳችንንና የምንወስደውን መድኃኒት ይዘን እንሂድ፤ የወገብም ይሁን የራስ ምታት መድኃኒት፣ ከገበያ የገዛነውም ቢሆን፣ ሳንጠየቅ እንናገር።

አምስተኛውና የመጨረሻው የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው። ተማሪ በባዮሎጂ ክፍል የጨጓራን ሥዕል ሥሎ ክፍሎቹን በእንግሊዝኛ መሰየም ይችላል፤ የራሱን ሕመም ግን የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እንዴት እንደሚሰማው በአማርኛ በአምስት ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ቢታዘዝ ይቸገራል። በክፍሌ ይህን እንደ ድርሰት ልምምድ ሰጥቼ አይቻለሁ፤ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ግን ከመካከላቸው አንዲቱ ጽሑፏን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ የጤና ባለሙያዋም ወረቀቱን በካርዷ ውስጥ አያይዛ አኖረችላት። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ማንኛውም የአማርኛ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያደርገው ይችላል።

ጉዳዩ የሚመለከታቸው የጤናና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ይልቁንም የሕመም ፈቃድ ወረቀት በየጠረጴዛቸው የሚያልፍ የሠራተኛ አስተዳደር ሹሞች፣ ይህን አሳብ እንዲያስቡበት አደራ እላለሁ። የሕክምና ባለሙያ የሆኑ አንባብያንም የጐደለውን ቢሞሉልኝ፣ የተሳሳተ ቢኖር ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል። ነገ ጧት «ጋስትራይተስ» የሚል ወረቀት የሚቀበል አለቃ፣ ከመፈረሙ በፊት «ይህን ቃል ያጻፍሁት እኔ እሆንን?» ብሎ አንድ ጊዜ ራሱን ቢጠይቅ፣ የዚህ ደብዳቤ ድካም ከንቱ አልሆነም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ